የደብረ ብርሃኑ አውራ ጣት

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ባዩት ብርሃን ነው ይባላል። ያን ጊዜ «እስቲ በድጋሚ ይታይ» ያለ ሰው አልተሰማም። ይህ ልማድ አምስት መቶ ዓመት ተሻግሮ ሳይበረዝ ዲኤስቲቪ ቤት መድረሱ ሊያኮራን ይገባል። ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላ አግዳሚው ላይ የተሰየመው ደንበኛችን «ኦፍሳይድ!» ካለ፣ ማለትም አጥቂው ኳሷ ስትመታለት ከተከላካዮቹ አልፎ ቆሟል ካለ፣ ኦፍሳይድ ነው። ኳሷ ገና አልተመታችም? ትመታለቻ!

ቫር የሚባለው ምስኪን፣ ድጋሚ ምስል እያየ ዳኛውን የሚረዳው የቪዲዮ ዳኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ጨዋታው ሕግ ሲገባ የተፈቀደለት አራት ጉዳይ ብቻ ነበር፦ ጎል፣ ፍፁም ቅጣት ምት፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ፣ እና ዳኛው በስህተት ለሌላ ተጫዋች የሰጠው ካርድ። እሱንም ስህተቱ ግልጽና የማያሻማ ካልሆነ እንዳትነካው ተባለ። የእኛ ሰው ሥልጣን ወሰን የለውም። የእጅ ውርወራ ይመረምራል፣ የማዕዘን ምት ይመረምራል፣ የዳኛውን የትውልድ መንደርም ይመረምራል።

ፈረንጆቹ አንዲት ኦፍሳይድ ለመወሰን የሚያዩት አበሳማ አንጀት ይበላል። መጀመሪያ አቀባዩ ኳሷን የነካባትን ቅጽበት ይፈልጋሉ። ካሜራው በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሳ ከሆነ በሁለት ምስሎች መካከል 0.02 ሰከንድ አለ። አጥቂው ወደ ጎል፣ ተከላካዩ ወደ መሐል፣ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 7 ሜትር ቢሮጡ በዚያች ቅጽበት 28 ሳንቲሜትር ይተላለፋሉ። አንድ ምስል ወዲህ ወይም ወዲያ ከቆሙ ፍርዱ የአንድ ጫማ ያህል ሳተ ማለት ነው። ከዚያ ለጎሉ የቀረበውን የሰውነት ክፍል ይመርጣሉ፤ ክንድ አይቆጠርም፣ ከብብት በላይ ያለው ትከሻ ይቆጠራል። ትከሻ ከሆነ ደግሞ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ከላይ ወደ ሣሩ ያወርዳሉ። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫማ ብሶባቸው ከጣሪያ ሥር 12 ካሜራ ሰቀሉ፣ ከእያንዳንዱ ተጫዋች 29 ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ለቀሙ፣ ኳሷም ሆድ ውስጥ በሰከንድ 500 ጊዜ የሚናገር መሣሪያ ከተቱ።

ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ሁሉ የአንድ አውራ ጣት ሥራ ነው። ድጋሚ ምስሉ ሲመጣ ሰውየው ይነሳል፣ የፊተኞቹን ትከሻ እየረገጠ ያልፋል፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀጥ አድርጎ ይለጥፋል። ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ 6 ሳንቲሜትር ቁመት ካለው፣ 2 ሳንቲሜትር የሚሰፋው አውራ ጣት ከሜዳው 60 ሳንቲሜትር ያህል ይጋርዳል። ግርማ ያለው መስመር ማለት ይህ ነው! ደግሞ ካሜራው ከመሐል መስመር አቅጣጫ ስለሚያይ የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ መስመር ስክሪኑ ላይ ዘመም ይላል፤ ቀጥ ያለው ጣት ግን አይዘምም። ስለዚህ አጥቂው ወደ ካሜራው ቀርቦ ተከላካዩ ማዶ ከሆነ፣ እኩል ቆሞም ያለፈ ይመስላል። ቦታ ከተለዋወጡ፣ ያለፈውም ንጹሕ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለጣቱ የነገረው የለም፤ ቢነገረውም ጣቱ የሚዘመው ወደ ማሊያው ነው። አንዳንዴም ኪስ ውስጥ ወዳለው የውርርድ ትኬት።

ማሽን እንደሆነ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ2020 አስቶን ቪላ ከሼፊልድ ዩናይትድ ሲጫወቱ በረኛው ኳሷን እንደታቀፈ መስመሩን አለፈ፤ ጎሉን የሚጠብቁት 7 ካሜራዎች በተጫዋቾችና በግቡ ቋሚ ተጋርደው ኳሷ መስመር ማለፏን የሚነግረው የዳኛው የእጅ ሰዓት ምልክት ሳይሰጥ ቀረ። በ2023 ደግሞ ሊቨርፑል በቶተንሃም ላይ ያገባው ጎል በኦፍሳይድ ሲሻር፣ ቫር ክፍል ያሉት ሰዎች ሜዳ ላይ የጸደቀ መስሏቸው «ምርመራው ተጠናቋል» አሉ። መስመሩ በትክክል ተሰምሯል፤ የከሸፈው ንግግሩ ነው። ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ቢደነግጡም ሕጉ ወደ ኋላ አልመልስም አለ። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ የመግባባት ችግር ከቶ አያገኘውም፤ ማንንም አያዳምጥማ።

ሜዳ ወርዶ ሲያግዝም እንዲሁ ነው። ስሟ ራሱ መሐል ሜዳ የሆነ ከተማ ያለን ሰዎች ከመስመር ውጭ ቆመን ማየት አይሆንልንም። ረዳት ዳኛው ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል መሮጥ አለበት፤ ተመልካቹ ኖራው ላይ ስለቆመ ግን በሰው ትከሻ መሐል እየተሽሎከለከ 3 ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል፣ ባንዲራውንም በግምት ያነሳል። ግቡ መረብ ከሌለው ኳሷ በቋሚው ወዲህ ይሁን ወዲያ ያለፈችው ከሩቅ አይለይም። ጉሙ ደግሞ ከጣርማበር በኩል ሲመጣ አይጠየቅም። ከመስመሩ 2 ሜትር ርቆ ገመድ ቢወጠርና ሁለት መረብ ቢገዛ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል፤ ግን እሁድን ያለ ጭቅጭቅ ማን ይገፋዋል?

አባቶቻችን በአውጫጭኝ ጊዜ ሌባው እስኪታወቅ አገሬውን አስቀምጠው ያውሉ ነበር። እኛ አሠራሩን አቃለነዋል፦ ሌባው አስቀድሞ ታውቋል፣ ፊሽካ የያዘው ነው። «ሌባ! ሌባ!» ለማለት ሁለተኛው ደቂቃ በቂ ነው። ያው ሰው በ80ኛው ደቂቃ ለእኛ ፍፁም ቅጣት ምት ሲሰጥ ደግሞ በዓለም ላይ እንደሱ ያለ ደፋር ዳኛ አልተፈጠረም።

የአውራ ጣቱ ትልቁ ብልጫ የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው። የፈረንጁ ቫር ኤሌክትሪክ ከሌለ ዋጋ የለውም፤ እዚህ አንዱ የስልኩን ባትሪ ያበራል፣ ሌላው «ወደ ግራ አድርገው» ይላል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ጣቱ ግን አሁንም ተከላካዩ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።