እርማት፦ የግራንድ ቴፍት አውቶ አጀማመር

«ግራንድ ቴፍት አውቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ውስጥ የተፈጠረ አሜሪካዊ ጌም ነው፤ ውዝግብም ያስነሳው ከዚያ ወዲህ ነው» ተብሎ የተጻፈው በብዙዎች ዘንድ የሚታመን ቢሆንም ስህተት በመሆኑ መታረም አለበት።

የመጀመሪያው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ የሠራውም በስኮትላንዷ ዳንዲ ከተማ የነበረው ዲኤምኤ ዲዛይን የተባለ የጌም ኩባንያ ነው። ሥራው ሲጀመር ስሙ «ሬስ ኤንድ ቼዝ» ነበር፤ በእቅዱም ተጫዋቹ ወንበዴ ብቻ ሳይሆን ፖሊስም መሆን ይችል ነበር። ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ በሙከራው ወቅት በፕሮግራም ስህተት ምክንያት የፖሊስ መኪኖች ተጫዋቹን ከማስቆም ይልቅ በላዩ ላይ ለመንዳት እየሞከሩ ያለ ርኅራኄ ይገጩት ጀመር፤ ጨዋታው እውነተኛ ጣዕም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። የተከታታዩ መለያ የሆነው የፖሊስ ማሳደድ ከዚህ አጋጣሚ መወለዱ፣ በእኔ እምነት፣ ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ነው።

ውዝግቡም ቢሆን 2001ን አልጠበቀም፤ ጌሙ ገና ለሽያጭ ሳይቀርብ፣ በግንቦት 1997፣ በብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል በ2001 ያመጣው ለውጥ ትልቅ መሆኑ አያከራክርም፤ ከተማውን ከላይ ቁልቁል ይመለከት የነበረውን ተጫዋች መንገዱ ላይ አውርዶታል። ይህንንም የሠራው ያው የስኮትላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ በኋላ ሮክስታር ኖርዝ ተብሎ ዛሬም ኤድንብራ ውስጥ ይገኛል። ኒው ዮርክ ያለው የእናት ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ነው።