እርማት፦ የተያያዘ ፎንት ለእንግሊዝኛ ጀማሪ አይሆንም

እህቴ፣ «ልጆች እንግሊዝኛ ሲጀምሩ ተያይዞ በሚጻፍ ፎንት ይለማመዱ፣ የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል» ያልሽውን አነበብኩት። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያምናል። ግን ልክ አይደለም።

የእኛ ልጅ የሚመጣው ከፊደል ገበታ ነው። እዚያ ሀ ከሁ ጋር አይያያዝም። ካፒታልና ስሞል የሚባል ነገርም የለም። የእንግሊዝኛውን ካፒታልና ስሞል ለመልመድ ገና እየታገለ «አያይዘህ ጻፍ» ሲባል ፊደሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይጠፋበታል።

የመጽሐፍ ፎንትም መፍትሔ አይሆንም። የእህቴ ልጅ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምንላትን ወረቀት ስትገለብጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ታይምስ ኒው ሮማን በሚባለው የመጽሐፍ ፎንት የታተመ ነው። ትንሿን «ኤ» ከላይ ካለው ቆቧ ጋር፣ ምላሷን አውጥታ፣ ሦስት ጊዜ እያጠፋች ሳለቻት። አዎ፣ ሳለቻት እንጂ አልጻፈቻትም። አብዛኛው ሰው በእጁ እንደዚያ አይጽፍም! አሪያል በሚባለው ፎንት ላይ ደግሞ ካፒታል «አይ» እና ስሞል «ኤል» ሁለቱም ባዶ ዱላ ናቸው።

ስለዚህ ፊደሎቹ ያልተያያዙ፣ «ኤ» ክብና ዱላ ብቻ የሆነችበት ፎንት ምረጪ። ሰው የሚንቀው ኮሚክ ሳንስ እንኳ ይህን ያሟላል። ቪንሰንት ኮናሬ በ1994 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ውስጥ የሠራው ነው። የእጅ ጽሑፍ ባለሙያዋ የሮዝሜሪ ሳሱን ፎንት ግን ለልጆች ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፊደሎቹ ታች ትንሽ ጭራ ስላላቸው ኋላ ማያያዝ ሲመጣ መንገዱን ይጠርጋሉ።

ከማሳተምሽ በፊት ስሞል «ኤ»ን፣ «ጂ»ን እና «ኤል»ን፣ ከዚያ ካፒታል «አይ»ን በመረጥሽው ፎንት ጻፊና በእጅ እንደሚጻፉት መሆናቸውን፣ «ኤል» እና «አይ»ም መለየታቸውን አተኩረሽ እያቸው።