እጇ ቀላል ነው

ነርስ ለመቅጠር ፈተና፣ ፈቃድ፣ ምዝገባ ምናምን የሚባለው ነገር ሁሉ ትርፍ ነው። ይህን የተማርኩት ከአክስቴ ነው። አክስቴ ሰው ስትመዝን ወረቀት አታይም። የምታየው እጅ ነው። «እጇ ቀላል ነው» ካለች አለቀ። ከዚያ በኋላ ዲግሪ የሚጠይቅ ሰው ሥራ የፈታ ነው።

ነገሩ የመጣው አያቴ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ነው። ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ስኳርም አለባቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ «ቤት ውስጥ ነርስ ብትኖር ጥሩ ነው» አለን። ቁስሉ መታየት አለበት። ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ የሚሰጥ ሌላ መርፌም አለ። እኛም ተሰብስበን መከርን። የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ አክስቴ ሆነች፣ ጸሐፊው እኔ።

ቸልተኞች እንዳንመስላችሁ። በዚያው ወር ሾፌር ቀጥረን ነበር። መንጃ ፈቃዱን ፊትና ጀርባ ኮፒ አደረግን። የሚታደስበትን ቀን ጻፍን። የቀድሞ አሠሪው ጋ ደውለን «አጋጭቶ ያውቃል?» ብለን ጠየቅን። አክስቴ ደግሞ ከጎኑ ቁጭ ብላ ሰፈሩን ሁለት ዙር አስነዳችው። ወደ ኋላ ሲሄድ መስታወት ያያል ወይስ አያይም የሚለውን ሳይቀር አጣራች። መኪና ነዋ! በዋዛ ለማንም አይሰጥም።

የመጀመሪያዋ የነርስ አመልካች ፋይል ታቅፋ መጣች። ይሄ ራሱ አላማረንም። ፋይሉ ውስጥ ዲግሪዋ አለ፣ የሙያ ፈቃዷ አለ፣ የምዝገባ ቁጥሯ አለ። «ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብተው ፈቃዴ የታደሰ መሆኑን ማየት ይችላሉ» አለች። አክስቴ ቅር አላት። «አታላይ ነሽ አልንሽ እንዴ?»

ልጅቷ ሳቅ ብላ ወደ አያቴ ሄደች። ከመንካቷ በፊት እጇን ታጠበች። ቁስሉን አየችና እንደገና ታጠበች። አክስቴ በጆሮዬ «እናቴ ቆሻሻ ናት እንዴ?» አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ነርስ እጇን የምታጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቶ አስቀምጧል፤ ታካሚውን ከመንካት በፊትና በኋላ ከአምስቱ ሁለቱ ናቸው። ድርጅቱ ግን አክስቴን አላማከረም።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ላያቸው እችላለሁ? አለርጂ አለባቸው? ዛሬ ጠዋት ስኳራቸው ስንት ነበር? ሆስፒታሉ ሲያስወጣቸው የሰጠው ወረቀት የታለ? ኢንሱሊኑን ያዘዘው የትኛው ሐኪም ነው? እኛ ተያየን። ወረቀቱ ያለበትን የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ቤት መጥቶ እንዲህ ማሳፈር ምን ይባላል?

ልጅቷ ገና ከበር ሳትወጣ ፍርድ ተሰጠ። «ሥራውን ብታውቀው ኖሮ ይህን ሁሉ ትጠይቅ ነበር?» አለች አክስቴ። ጸሐፊው መዘገብኩ፦ ጥያቄ ታበዛለች፤ አልተቀጠረችም።

ሁለተኛዋ ምንም አልጠየቀችም። ነጭ ጋወን ለብሳ መጣች፤ ተተኩሶ እንደ ወረቀት የቆመ። አያቴን ገና ስታይ «እማማዬ!» ብላ አቀፈቻቸው። አንዲት ጎረቤታችን ናት የጠቆመችን። «እኔን ስትወጋኝ አልተሰማኝም፤ እጇ ቀላል ነው» ብላ። ምቀኞች «የተሳሳተ መድኃኒትም እኮ ሲገባ ላይሰማ ይችላል» ይላሉ። ለምቀኛ መድኃኒት የለውም።

ቃለ መጠይቁ ጥብቅ ነበር።

«ስንት ዓመት ሠራሽ?»

«ኧረ ብዙ ነው፣ እትዬ።»

«የት የት?»

«ብዙ ቦታ ነው።»

«ስልክ ላይ አፍጥጠሽ አትውይም?»

«ኧረ እኔ ስልክም አልወድ።»

«በትርፍ ሰዓትሽ ልብስ ትተኩሻለሽ?»

ጋወኗን አሳየች። ተቀጠረች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ሲስተር» ሆነች። ሌላው ዓለም ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት የሚፈጅበትን ማዕረግ አክስቴ ተቀምጣበት ሳትነሳ ሰጠች። በብዙ አገር «ነርስ» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሳይመዘገቡ በስሙ መጠራት ያስከስሳል። እኛ ቤት ግን ጋወን ይበቃል። በዚህ ሒሳብ ሥጋ ቆራጩም ነጭ ይለብሳል፤ ቢላውን አስቀምጦ ይምጣ ብቻ።

እስቲ የሌላውን ዓለም ከንቱ ድካም እንየው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለአጠቃላይ ነርስ ቢያንስ 3 ዓመትና 4600 ሰዓት ሥልጠና ያዛል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ታካሚ አጠገብ በተግባር የሚሠራ ነው። ሒሳቡን ለአክስቴ ሠራሁላት። በቀን 8 ሰዓት ቢሆን 575 ቀን ይሆናል። «575 ቀን መርፌ መውጋት ብቻ?» አለች። መርፌ ብቻ አይደለም እንጂ። መድኃኒት ለታካሚው አልስማማ ሲል መለየት አለ። ታካሚው «ደህና ነኝ» እያለ ትንፋሹ ግን ሌላ ሲናገር መስማት አለ። የምታደርገውን ሁሉ ሰዓቱን ጠቅሶ መጻፍ አለ።

ሒሳብም አለ። ለምሳሌ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይግባ ቢባል፣ ቱቦውም 1 ሚሊውን በ20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ግድም ይመጣል። ተማሪዎች ይህን ሲያሰሉ ያድራሉ። ቀላል እጅ ያላት ነርስ ግን በዓይኗ ትለካዋለች። «ቀስ ብሎ ይግባ» ከተባለ ቀስ፣ «ቸኩለናል» ከተባለ ፈጠን። ልብና ኩላሊት ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ይስማማሉ፤ አይጨነቁ።

አሜሪካኖቹ ይብሳሉ። ትምህርቱን ጨርሳ ተመርቃም አይለቋትም። ኤንክሌክስ የሚባል ፈተና አለ። በኮምፒውተር ነው፤ በትክክል በመለሰች ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚከብድ ጥያቄ ያመጣል። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እስከ 5 ሰዓት። ማሽኑ ብቃቷን ወይም አለመብቃቷን 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። አክስቴ ግን በሁለት ደቂቃ መቶ በመቶ እርግጠኛ ናት። ቴክኖሎጂ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ብሪታንያ ደግሞ ፈቃድ ሰጥታም አትተኛም። በየ3 ዓመቱ ነርሷ ቢያንስ 450 ሰዓት መሥራቷንና 35 ሰዓት መማሯን ማሳየት አለባት። ያለዚያ ከመዝገቡ ትወጣለች። የእኛዋ እጅ ግን አንዴ ከቀለለ ዕድሜ ልክ ቀለለ።

ይህ መዝገብ የሚባል ነገር የማን ፈጠራ ነው ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ኒውዚላንድ ናት የጀመረችው፤ ነርስ የሚመዘገብበትን ብቻውን የቆመ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1901 አወጣች። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ኤለን ዶኸርቲ የምትባል ሴት የመዝገቡ የመጀመሪያ ስም ሆነች። ብሪታንያ እስከ 1919 ስትከራከር ቆየች። ከተቃዋሚዎቹ አንዷ ማን እንደነበረች ገምቱ። የዘመናዊ ነርስነት እናት የምትባለው ራሷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል! የጥሩ ነርስ ጠባይ በፈተና አይለካም የሚል ነበር ክርክሯ።

ይህን ለአክስቴ በመንገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «አላልኩም?» ብላ አልጋው ድረስ ሄዳ ለአያቴ ነገረቻቸው። ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት መክፈቷን፣ ሳይሠለጥኑ ታካሚ መንካትን አጥብቃ መቃወሟን ልጨምር ስል ግን ጉባኤው ተበትኖ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ሙከራ አደረግኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፤ ሊንዳ ኤይከን የመራችው። በ9 የአውሮፓ አገሮች ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሰዎች አየ። በሆስፒታሉ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ሲል፣ ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ቀንሶ ታየ። አክስቴ በትዕግሥት ሰማችኝ። «እና ስለ እጃቸው ምን ይላል?» አለች። ስለ እጃቸው ምንም አይልም። ጥናቱ ውድቅ ተደረገ።

በወረቀት የማያምኑ ሰዎች ደግሞ ማስረጃ አያጡም። ጥር 2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጉድ ወጣ። ፍሎሪዳ ያሉ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማ ሸጠው ተገኙ። ምርመራው «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» ተባለ፤ ምስኪኗን ሴትዮ በመቃብሯ እንኳን አላሳረፏትም። ከገዢዎቹ 2400 ያህሉ ፈተናውን አልፈዋል። አክስቴ ዜናውን ስትሰማ ፊቷ በራ። «ይኸው! ወረቀት ይገዛል። እጅ ግን አይገዛም።» ከዚህ የወጣው ውሳኔም ግልጽ ነው፦ ወረቀት ሊያታልል ስለሚችል ጨርሶ አለመጠየቅ። አንዳንድ አገር ግን ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ወረቀቱን ትተው ወረቀቱን የሰጠውን ተቋምና መዝገቡን በቀጥታ ይጠይቃሉ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ደቂቃ ደግሞ ከየት ይመጣል?

ለፍትህ ስል፣ ይህ ጥበብ የአክስቴ ብቻ አይደለም። ተቋማትም ተክነውበታል። «ነርስ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ እስከ ታች አንብቡት። ፈገግታ ግዴታ ነው። በሌሊት መሥራት ግዴታ ነው። ቁመናም አንዳንዴ ግዴታ ነው። ፈቃድ ግን «ቢኖራት ይመረጣል»። ይቺ «ይመረጣል» የምትባል ቃል ስንት ሰው አስታምማለች! ያላት ሰው ደግሞ ደመወዝ ትጠይቃለች። ስለዚህ ረዳቷ ትቀጠርና ጋወን ትለብሳለች፤ በማግስቱ «ሲስተር» ናት። ታካሚውም ልዩነቱን አያውቅም፣ ካልታመመ በስተቀር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። በሦስተኛው ቀን የኢንሱሊኑ ሲሪንጅ አለቀ። በዩኒት የተለካው ትንሹ ማለቴ ነው። ሲስተር ምንም አልደነገጠችም። ተራውን ሲሪንጅ አነሳች። «ስንት ነበር? 10 ዩኒት? 10 ማለት 1 ሚሊ ነው» አለችና መሳብ ጀመረች። እጇ እውነትም ቀላል ነው፤ ሲስብ እንኳን ድምፅ የለውም።

እኔ ብልቃጡን አነሳሁ። ነርስ ስለሆንኩ አይደለም፣ ጸሐፊ ስለሆንኩ የተጻፈ ማንበብ ይቀናኛል። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይላል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። አፌን ከፍቼ ቃል ስፈልግ አያቴ ቀደሙኝ። ሲሪንጁን ትኩር ብለው አዩት። ስንት ዓመት ሲወጉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ በዛብኝ። ለመሆኑ የት ነው የተማርሽው?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያች ሰዓት የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«እህቴ ክሊኒክ ትሠራ ነበር። እዚያ ሳለሁ እያየሁ ነው፣ እማማ።»

«አንቺስ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ካርድ ክፍል።»

«እማዬ፣ ሰው አታሳፍሪ እንጂ!» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ሲሪንጁንም ከልጅቷ እጅ ቀስ አድርጋ ተቀበለቻት። እሷም እጇ ቀላል ነው።

ማታውን ስልኳን አንስታ የባለ ፋይሏን ልጅ ቁጥር ፈለገች። እኔ በደብተሬ ይዤው ነበር። «እንደምን አመሸሽ ልጄ፤ ያን ቀን መጥተሽ የነበረው ቤት ነን። ሾፌር ልከን እናስመጣሽ ብለን ነበር፤ ኢንሱሊኑን የሚወጋ ጠፍቶ…» ብላ ሳትጨርስ ከዚያኛው ጫፍ ድምፅ መጣ። ስኳራቸው አሁን ስንት ነው? መቼ ነው የተለካው? ራት በልተዋል? ዛሬ የወጋቸው ሰው አለ?

አክስቴ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችና ወደ እኔ ዞረች።

«አይ እቺ ልጅ፤ አሁንም ጥያቄዋን አልተወችም።»