ጭምብሉ አፍ አይሸፍን

የአኒሜሽን ፊልምን ወደ ሙዚቃዊ ቲያትር ቀይሮ ደሴ ላይ ማሳየት ይቻላል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል። አብሮ የቀረበው «ተዋንያኑ ሙሉ ጭምብል ያጥልቁ» የሚለው ምክር ግን ቢታረም ጥሩ ነው። አፍ የሚሸፍን ጭምብል ድምፅ ያፍናል፤ ዜማው ቢሰማ እንኳ ግጥሙ አይለይም። «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለው የአንበሶች አኒሜሽን ፊልም ሙዚቃዊ ቲያትር ሆኖ በ1997 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርኩ የቲያትር መንደር ብሮድዌይ ሲገባ ዳይሬክተሯ ጁሊ ቴይሞር የእነ ሙፋሳን (የአንበሳውን ንጉሥ) ጭምብል ከፊት በላይ አናት ላይ ነው ያደረገችው። ተመልካቹ አንበሳውንም ሰውየውንም አንድ ላይ ያያል።

እኛ ጋ ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣና የዱቄት ሙጫ ይበቃል። ጋዜጣውን በስሱ ሦስት አራት ጊዜ ደራርቡት፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ከተለጠፈ ግን ይጣመማል፣ ይሻግታልም። ማሰሪያው በአገጭ ብቻ ከሆነ እስክስታው ገና ሲጀመር ጭምብሉ ግንባር ላይ ይወርዳል። አንዱን ማሰሪያ ከጆሮ በላይ ዙሪያውን፣ ሌላውን ከአናት ወደ ማጅራት አድርጉት።

ሙዚቃው ላይ አደራ! ባቲና አምባሰልን የመሰለ የአገር ቅኝት እያለ የፊልሙን ዜማ በኪቦርድ መቅዳት ያሳዝናል። ክራር ከአንዱ ወደ ሌላው ቅኝት ሲሄድ ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ ያኔ መድረኩ ዝም ይላል። ስለዚህ ሁለት ክራር ቀድሞ ተቃኝቶ ይቀመጥ። መሰንቆ ግን ባለ አንድ ክር ነው፣ ቅኝቱን የሚቀይረው ጣት ነው። ፊልም በሰከንድ ቦታ ይለውጣል፣ ተዋናይ ግን ልብስ ለመቀየር ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ክፍተት ለመሰንቆው ስጡት።