የበለጸገው ዘይት ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ

የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ በአገራችን አስገዳጅ ደረጃ መውጣቱ ተገቢ ውሳኔ ነው፤ ዘይቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ለሚደርስበት ግን የዚያኑ ያህል ትኩረት የተሰጠው አይመስለኝም። በየሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ ብርሃን በሚያሳልፍ ጀሪካን ተደርድሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ዘይት፣ የተጨመረለት ቫይታሚን ኤ በብርሃንና በሙቀት እየተመናመነ ነው ድስታችን ውስጥ የሚገባው።

ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዳፍንት እንደሚያመጣ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የመተንፈሻ አካልንና የአንጀትን የውስጥ ሽፋን አጽንቶ ጀርም እንዳያልፍ የሚያግዘውም ይኸው ቫይታሚን መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ 200 ሺህ ዩኒት ቫይታሚን ኤ ለ2 ተከታታይ ቀናት የሚሰጠው በሽታው የሰውነቱን ክምችት ስለሚያሟጥጥበት ነው።

ቫይታሚን ኤም ሆነ ኢ ያለ ስብ ከአንጀት ወደ ደም በቅጡ አይገቡም። ስለዚህ ጎመንና ካሮትን ጠብታ ዘይት ሳይነካቸው ቀቅሎ መብላት፣ አሁን አሁን እንደ ጤናማ አመጋገብ ቢቆጠርም፣ የአትክልቱን ጥቅም ማባከን ነው።

ዘይት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በኑግና በሱፍ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የስብ ዓይነት የነጭ ደም ሴሎችን ሽፋን ለመገንባት ያገለግላል፤ እነዚህ ሴሎች ጀርም የሚገድሉት ከኦክስጅን በሚያመነጯቸው ኃይለኛ ኬሚካሎች በመሆኑም፣ ኬሚካሉ ተመልሶ የራሳቸውን ሽፋን እንዳይጎዳ ቫይታሚን ኢ አብሮ መኖር አለበት። ያልተበላሸ የሱፍ ዘይት ይህንን ቫይታሚን ይዞ ይመጣል። ለሳምቡሳና ለቦምቦሊኖ ሲመላለስበት ሰንብቶ የጠቆረና አረፋ የሚደፍቅ ዘይት ግን ቫይታሚኑ አልቆ የተበላሸው ስብ ብቻ ይቀረዋል።

የቫይታሚን እንክብል መዋጥም መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ይፋ የሆነው፣ ከ29 ሺህ በላይ ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት የፊንላንድ ጥናት፣ በካሮትና በጎመን የሚገኘውንና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር በብዛት መያዛቸውን አሳይቷል።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥሩን እስከ ሱቅ ደጃፍ ማድረስ፣ አምራቾችም ብርሃን በማያሳልፍ መያዣ እንዲያሽጉ ማስገደድ ይኖርበታል። የመያዣው ወጪ በዘይት ዋጋ ላይ ጥቂት መጨመሩ አይቀርም፤ ሸማቹ ግን አሁንም ቢሆን ሳያገኘው ለሚቀረው ቫይታሚን እየከፈለ ነው።