ስብ ሁሉ ጠላት ነው እንዴ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የስብ ህዋሳትንና ከኦክስጅን የሚፈጠሩትን ንቁ (ከሌላ ነገር ጋር ቶሎ የሚዋሃዱ) ሞለኪውሎች በደፈናው ጠላት ማድረጉ አልተዋጠልኝም። የስብ ህዋስ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎተራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘውን ሌፕቲን የሚያመነጨው እሱ ነው፤ «በቂ ስንቅ አለን» ብሎ ለአንጎል የሚናገረውን ሆርሞን። ከውልደታቸው ጀምሮ የስብ ህዋስ የሌላቸው ሰዎች እኮ አሉ። ጤነኛ ይመስሏችኋል? ማከማቻ ያጣው ስብ ጉበታቸውና ጡንቻቸው ውስጥ ይገባል፤ ብዙዎቹን ስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። ችግሩ ህዋሱ ከልክ በላይ ሲወጠር ነው። ያኔ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይነሳል፣ ንቁዎቹ ሞለኪውሎችም ይበዛሉ።

እነዚህ ሞለኪውሎችም ቢሆኑ ነጭ የደም ህዋሳት ባክቴሪያ የሚገድሉባቸው መሣሪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ ሞለኪውሎቹን የሚያከሽፉትን ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት መውሰድ ስፖርት ለኢንሱሊን አሠራር የሚሰጠውን ጥቅም እንደሚያደናቅፍ አሳይቷል። (እኔም ክኒኑን ስውጥ ከርሜያለሁ!)