የደብረ ብርሃኑ ባሕረ ነጋሽ

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ቤተሰብ ኑሮው ከፍ ማለቱን የሚያሳውቅባቸው ዕቃዎች ተራቸው የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ቡፌ፣ ቀጥሎ የቆዳ ሶፋ፣ ከዚያ ግድግዳውን የሚያክል ቴሌቪዥን። ሦስቱም ጎረቤት ቤት ከገቡ በኋላስ? ባሕር ይገባል።

ባሕር ማለት የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ ነው፤ ርዝመቱ 150 ሳንቲም፣ ስፋቱ 60፣ ከፍታው 60፣ ጢም ሲል 540 ሊትር። ባለቤቱ ሳምንት ሳይሞላው ከሠፈሩ «ባሕረ ነጋሽ» የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል። የጥንቱ ባሕረ ነጋሽ ደባርዋ ደጋ ላይ ተቀምጦ ነበር ባሕሩን የሚገዛው፤ ማዕበል ቢነሣ ምንጣፉ አይርስበትም። የአሁኑ ባሕሩም ምንጣፉም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ደግሞ አንድ የማይታረቅ ጠብ አለ። አኳሪየሙ የሚገዛው እንግዳ እንዲያየው ነው፤ እንግዳ የምንቀበልበት ነገር ሁሉ ግን፣ ፍሙም፣ ዕጣኑም፣ «ብሉልኝ» ማለቱም፣ የባሕር ጠላት ነው።

ባለቤቱ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ቡፌው ላይ አይሆንም?» ብሎ ነው። አይሆንም። 12 ሚሊሜትር መስታወት ብቻውን 100 ኪሎ ያልፋል። 50 ኪሎ አሸዋ፣ 40 ኪሎ ድንጋይ፣ በላዩ ላይ ውሃው ሲጨመር 650 ኪሎ ይሻገራል። ሳሎን ጥግ አንድ ጥማድ በሬ እንደ ማቆም ነው፤ በሬ እንኳ ወለሉ ሲያቃስት ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ ቦታው መሬት ላይ ያረፈ የሲሚንቶ ወለል መሆን አለበት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ብረት ከማስበየዱ በፊት መሐንዲስ ያማክር፤ የታችኛው ጎረቤት ባሕር አላዘዘም። መቆሚያው ከ40 በ40 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ይበየዳል፣ ኮምፖንሳቶ ይለብሳል፣ በላዩ አንድ ሳንቲም ውፍረት ያለው ፎም ይነጠፋል። ፎሙ የቅንጦት አይደለም፤ ከመስታወቱ ሥር የቀረች አንዲት የብየዳ ጉብታ ግፊቱን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስባ መስታወቱን ትሰነጥቀዋለች። ከዚያ ውሃ ልክ ይቀመጣል። በያጁ «እኔ በዓይኔ አየዋለሁ» ካለ ይመስገን፣ ውሃ ልኩ ግን ይቀመጥ። መቆሚያው ያዘነበለ እንደሆነ ውሃው በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ለእንግዳ ሁሉ ያሳብቃል፤ መጋጠሚያውን የያዘው ሲሊኮንም እኩል ያልሆነ ሸክም ይወድቅበታል።

ቀጥሎ የጨው ክርክር ይመጣል። «የአፋር አሞሌ እያለ ጨው ከውጭ ማስመጣት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?» የሚል አማካሪ በየቡናው አይጠፋም። አሞሌ ድሮ ገንዘብ ሆኖ አገር አገበያይቷል፤ ባሕር መሆን ግን አይችልም። አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 400 ሚሊግራም ያህል ካልሲየምና 1,300 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየም ይይዛል፤ አሲድነቱ እንዳይዋዥቅ የሚያደርገው ባይካርቦኔትም አለበት። ስለዚህ ለአኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ግድ ነው፤ ለአንድ ሊትር 37 ግራም ገደማ። ገንዳውና ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ገንዳ፣ ሰምፕ የሚሉት፣ ተደምረው 550 ሊትር ውሃ ቢይዙ የመጀመሪያው ሙሌት 20 ኪሎ ይፈጃል። ይህ ማለት ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎቹ አንዱን ለጨው ይሰጣል ማለት ነው። ጫማና ሽቶ ስትጠብቅ የከረመች እናት ሻንጣው ሲከፈት «እዚያም ያለው ይኸው ነው?» ብትል አይፈረድባትም።

ውሃውም የቧንቧ አይሆንም። ክሎሪኑ ይገድላል፤ ናይትሬቱ፣ ፎስፌቱና ሲሊካው አልጌ ይቀልባሉ። ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፈው በአርኦ ማጣሪያ ያልፍና የሟሟ ነገር መለኪያው ዜሮ ማንበብ አለበት። ማጣሪያው ታዲያ አንድ ሊትር ንጹሕ ለመስጠት ሦስት ሊትር ያህል ያፈሳል፤ 550 ሊትር ለማግኘት 2,200 ሊትር፣ ማለትም 110 ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ ቁጥር በአደባባይ አይነገርም። የሚፈሰው ውሃ ግን ለልብስ ምንም አይለውም፤ ብልህ ባሕረ ነጋሽ በርሜል ደቅኖ ለጎረቤት ያድላል፣ ምስጋናም ያተርፋል። የቧንቧው ግፊት ከደከመ መግፊያ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የደብረ ብርሃን ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ ማጣሪያው ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ያህል አይሰጥም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ጉዳይ። ውሃው ከላይኛው ገንዳ በቱቦ ወደ ሰምፑ ይወርዳል፤ እዚያ ስኪመር የሚባለው መሣሪያ አረፋ እያስነሣ ቆሻሻውን ይለቅማል፣ ማሞቂያው ያሞቀዋል፣ ፓምፑ በሰዓት የገንዳውን አምስት እጥፍ ያህል መልሶ ወደ ላይ ይሰዳል። መብራት እስካለ ድረስ የሚያስቀና ሥርዓት ነው። ይሁንና ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ወረደባት ብሎ የሰየማት ከተማም ብትሆን መብራት ይሄድባታል። ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ ስለተቀበረ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ታች መምጠጥ ይጀምራል። የገንዳው ገጽ 150 በ60 ነውና ውሃው አንድ ሳንቲም በቀነሰ ቁጥር 9 ሊትር ወረደ ማለት ነው። የቱቦው አፍ 5 ሳንቲም ጠልቆ ከነበረ 45 ሊትር። ሰምፑ ውስጥ 45 ሊትር ባዶ ቦታ ካልተተወለት ውሃው ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ደግሞ ምንጣፉን ነው። ባለቤቱ ይህን የሚረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በባዶ እግሩ ሲረግጠው ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ቱቦው ላይ ከውሃው ገጽ ግማሽ ሳንቲም ዝቅ ብሎ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ መብሳት። ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና መምጠጡ ይቋረጣል። ቀንድ አውጣ ገብታ እንዳትደፍናት በየሳምንቱ ማየት ነው። የማይመልስ ቫልቭ ገጥሜአለሁ ብሎ የተኛም አለ፤ ቫልቭ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ገብታበት እንደማይዘጋ የሚያውቀው ምንጣፉ ነው። ደግሞ መብራት እስኪሄድ መጠበቅ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ነው። ገመዶቹም ወደ ሶኬቱ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ረገብ ይበሉ፤ የጨው ውሃ ገመድ ተከትሎ መሄድ ይወዳል፣ ጠብታው ከረገበው ቦታ ላይ ይውደቅ።

ባሕሩ 25 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የደብረ ብርሃን ሳሎን ግን ለሰውም ጋቢ ያስደርባል። በእንዲህ ያለ ክፍል በሊትር 2 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ ያውም አንድ ትልቅ ማሞቂያ ሳይሆን ሁለት ባለ 500 ዋት። አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆየዋል፤ አንዱ አልጠፋም ብሎ ቢቀር ብቻውን ዓሣውን ወጥ ለማድረግ ጊዜ ይፈጅበታል። ውሃውን ከ14 ወደ 25 ዲግሪ ማድረስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ የሁለት ሰዓት የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ምጣዱና ባሕሩ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ሁልጊዜ ሊጥ ከተቦካ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነገር እንግዳን የሚያሳብድ ነው፦ ባዶ ገንዳ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ዓሣ አይገባም። በሊትር 2 ሚሊግራም አሞንያ ይጨመርና አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ይጠበቃል። የተጨመረው አሞንያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከነናይትራይቱ ዜሮ ሲገባ ቤቱ ደርሷል። እስከዚያው ጎረቤት ይመጣል።

«ልጄ፣ ዓሣዎቹ ሞቱብህ እንዴ?»

«ኧረ አልሞቱም እማማ፤ ገና አልገቡም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ መብራት የምታቃጥለው ለማን ነው?»

«ለባክቴሪያ።»

እማማ ፊታቸውን ያማትባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግድም አሸዋው ቡናማ ይለብሳል፤ ዲያቶም የሚባል በሲሊካ የሚያድግ አልጌ ነው፣ ሲሊካው ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል። ሠፈሩ ግን «ባሕሩ ዛገ» ብሎ አውርቶ ጨርሷል።

ዓሣው ከቦሌ 130 ኪሎሜትር በፎም ሣጥን ይመጣል። ሾፌሩ ሸኖ ላይ ቅቤ ልግዛ ካለ ይከልከል፤ የሸኖ ቅቤ ነገ ይገኛል። በታሸገው ፌስታል ውስጥ ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ወደ አሲድነት ስለሚያወርደው የተጠራቀመው አሞንያ መርዝነቱ ይለዝባል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣና ያው አሞንያ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፋል። ስለዚህ ከፍቶ አስቀምጦ ለሁለት ሰዓት ውሃ ማንጠባጠብ ለብዙ ሰዓት ለተጓዘ ዓሣ ደግነት አይደለም። አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበት የማቆያው ገንዳ ጨው ቀድሞ ከፌስታሉ ጋር እኩል ይደረግ፣ ፌስታሉ ሳይከፈት ተንሳፎ ሙቀቱ ይመጣጠን፣ ከዚያ ይከፈትና ዓሣው ቶሎ ይዛወር፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋ። በማቆያው አንድ ወር ይከርማል፤ ጫጉላ ነው እንበለው። ለነጭ ነጠብጣብ በሽታ መዳብ የሚሰጠውም እዚያው ነው፤ ዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ ከገባ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ያልቃሉ። ለምኞት ብሎ ሳንቲም የሚወረውር እንግዳ እጁ ቢያዝ ነውር የለውም።

አገባቡም እንደ ሠርግ ቤት በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ፣ ከዚያ ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ አንድ አንድ እየተባለ፣ ቁጡው ቢጫ ታንግ መጨረሻ። ታንጉ ቀድሞ ከገባ ገንዳውን ሁሉ ርስቴ ይላል፤ ኋላ የመጣውን በጭራው ሥር ባለው ስለት ይቀበለዋል። ክላውንፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ያድጋል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ወደ ሴትነት ይለወጥና ቤቱን ይገዛል። እሷ ከሞተች ባልየው በተራው ሴት ይሆናል። ይህን ለማኅበርተኛ ሲያስረዱ ወንዶቹ ወዲያው ስለ ባሕር በር ማውራት ይጀምራሉ፤ ሴቶቹ ግን ወንበራቸውን ወደ ገንዳው ያስጠጋሉ።

እዚህ ላይ ቡና ይፈላል። መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ አሥራ አምስት ሰው ይተነፍሳል። ስኪመሩ የሚስበው ይህንኑ የክፍሉን አየር ነው፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ የተነሣ 8.2 የነበረው የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 7.8 ይወርዳል። የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮቱ ክፈፍ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ ከዕጣኑም ያድነዋል። ሌላም አለ፦ ከ2,700 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። በ25 ዲግሪ የጨው ውሃ እታች 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጂን በሊትር ሲይዝ፣ እዚህ 5 አይሞላም። ካታሎጉ «አሥራ ሁለት ዓሣ» ሲል የጻፈው ሰው ጣርማ በርን አላየም። ሰባት ይበቃል።

ከሁሉም የሚከፋው ጉርሻ ነው። ዓሣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይበላል። ይህን ለሸዋ እንግዳ ማስረዳት ከባድ ነው። «ይቺን ብቻ? አፈር ስሆን ጨምርለት!» ይባላል፤ ቆሎ ይወረወራል፣ ልጅ ዳቦ ይፈረፍራል። በዓሣ ቤት ስስት መልካም ጠባይ ነው። የተረፈው ይበሰብሳል፣ ናይትሬት ይወጣል፣ አልጌው ድንጋዩን እንደ ክረምት መስክ ያለብሰዋል።

ለናይትሬቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን የምትጓጓለት መድኃኒት አለ፤ አልኮል። ባክቴሪያ አልኮሉን ሲመገብ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን አብሮ ይወስዳል፣ ስኪመሩ ባክቴሪያውን ይለቅማል። ዜናው የተሰማ ዕለት ሠፈሩ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። መጠኑ ግን ለ550 ሊትር በመርፌ ተለክቶ በቀን ግማሽ ሚሊሊትር ነው፤ ያውም ቅመም የሌለው 40 በመቶ ቮድካ። አረቄ ኃይሉ ከቤት ቤት ይለያያልና አይሆንም። አንድ መለኪያ ሙሉ የተደፋበት ገንዳ በማግስቱ ወተት ይመስላል፤ የፈላው ባክቴሪያ ኦክስጂኑን ይጨርስና ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ይደቅናሉ። «ሰክረው ነው» ይላል ያመጣው ሰው።

በደረቁ የበጋ አየር ውሃው በየቀኑ ጥቂት ሊትር ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፤ ወጥ ሲንተከተክ ጨው እንደሚበዛበት። ስለዚህ የሚሞላው በንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይደለም። ጨውነቱ 1.025 ላይ (ከንጹሕ ውሃ 1.025 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው) መቆየቱ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨው መለኪያ ይታያል። በየሁለት ሳምንቱ 50 ሊትር ይቀየራል፤ አዲሱ ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ፣ ሞቆ።

መብራት ለረጅም ሰዓት የሄደ ሌሊት ከብርዱ በፊት የሚገድለው የኦክስጂን ማለቅ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ወዲያው ይገባል፣ ምግብ አይሰጥም። ከዚያ በአራቱም ጎን የመንዝ ባና ይጠመጠማል፤ ላዩ ግን ክፍት ይተዋል፣ እንዲተነፍስ። በዚያ ሰዓት ነው ከመሐል ሜዳ የመጡት አማት ከእንግዳ ክፍል የሚጣሩት።

«ልጆች፣ በረደኝ። ያ ያመጣሁላችሁ ባና የት ሄደ?»

«ባሕሩ ለብሶታል፣ እማዬ።»